በቀለም ባልዲ የበቀለችው ሚጥሚጣ

ትናንት እዚህ አሜሪካ፣ ውድብሪጅ ከተማ፣ ጎረቤቴ በረንዳዬ ላይ ባልዲ ውስጥ ያለውን ተክል አይታ በእንግሊዝኛ «እንዴት ያለ አበባ ነው!» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት አባባ የምላቸው አያቴ ትዝ አሉኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንኖር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባባ ከጎንደር በመሐረብ ቋጥረው ያመጡትን ዘር በቀለም ባልዲ አበቀሉት። ሚጥሚጣዋ ከጉልበቴ አታልፍም፤ ፍሬዎቿ ግን ቀይ ሆነው ወደ ላይ ተቀስረዋል።

አንድ ቅዳሜ የአፓርታማው ማኔጀር መጥታ በረንዳ ላይ ከአበባ በስተቀር ምንም ማስቀመጥ ክልክል ነው አለች። የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ።

«ሚጥሚጣ ናት፣ የምንበላት ናት በያት» አሉኝ አባባ።

እኔ ባልዲው እንዳይጣል ፈርቼ «ፍላወር ነው» አልኳት። ፈገግ ብላ ወጣች።

አባባ እንግሊዝኛ ባይችሉም ያቺን ቃል ያውቋታል። ፊታቸው ጠቆረ። አንድ ፍሬ ቀጥፈው መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«ባሕር ተሻግራ በቅላ ስሟን ትደብቂባታለሽ? ሂጂ ንገሪያት። ብትጣልም በስሟ ትጣል።»

ደረጃውን በሩጫ ወርጄ ማኔጀሯ መኪናዋ ውስጥ ሳትገባ ደረስኩባት። መዳፌን ዘርግቼ «አበባ አይደለችም። ሚጥሚጣ ናት፣ እንበላታለን» አልኳት። ምን እንደመለሰችልኝ ዛሬ አላስታውስም። ቀና ስል ግን አባባ በረንዳው ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ «ጎሽ፣ የኔ ልጅ!» ሲሉኝ ይታየኛል።

ጎረቤቴ መልሴን እየጠበቀች ነበር። አንድ ፍሬ ቀጥፌ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ሚጥሚጣ ትባላለች» አልኳት። «ዓይንሽን እንዳትነኪ።»