አባቴ መድረክ ላይ ወጥተው ያስታረቁ ዕለት

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ጣልያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና በዚያው ቀረሁ። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ይህን ነገር የምነግረው ሰው ቤታችን ውስጥ ስለሌለ ግን እንደምንም በጽሑፍ ልሞክረው።

ቤታችን ከቀራንዮ መድኃኔዓለም በታች፣ ባሕር ዛፉ መሀል ነው። አባቴ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ቆዳ እየገዙ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሰፈር ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እናታችን ቀደም ብላ ሞታለች። ታላቁ ወንድሜ ጣልያንን ሊወጋ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም፤ ሲሞት ያየ የለም፣ መትረፉን የሰማም የለም። ከእኔ በላይ ያለው ሁለተኛው ወንድሜ ደግሞ ጣልያን ከገባ በኋላ በጣልያን ካሚዮን ላይ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

አባቴ ይህን የሰሙት በመስቀል ማዕድ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ መስቀል ከበዓል ሁሉ ይበልጣል። የትም ያለ ልጅ ለዚያ ቀን ይሰበሰባል፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ለማዕድ አይቀርብም፤ አባት ሳይመርቅም ማንም እጁን ወደ ክትፎው አይሰድም። በዚያ ዓመት አባቴ ለምርቃት የዘረጉትን እጅ መልሰው አጠፉና "ይህ ልጅ ካለበት አልመርቅም" አሉ። ወንድሜ ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ እኔና አባቴ ብቻችንን ሆንን። ስለ ልጆቻቸው አያነሡም፤ እኔም አልጠይቅም። "እራት ቀርቧል" እላለሁ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ፣ በዚያው ይመሻል። ዝናብ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲጮህ ዝም ማለታችን አይታወቅም።

በሚቀጥለው ዓመት እንቁጣጣሽ አልፎ መስቀል ሊገባ ሲል፣ ያስተምረኝ የነበረው መምህር ቴአትር ሊያሳይ ነው ተባለ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ ለሰው ማመልከቻ እየጻፈ ነበር የሚኖረው። ፈቃድ ያገኘው ታሪኩ ስለ አንድ ቤተሰብ የበዓል ማዕድ ስለሆነ፣ ስለ መንግሥትም ምንም ስለማያነሣ ነው። ቦታው የአንድ ቅቤ ነጋዴ ሰፊ ግቢ ነበር። በርሜል ላይ ሳንቃ ደርድረው መድረክ ሠሩ፣ አቡጀዲ ቀጣጥለው መጋረጃ ሰቀሉ። በሩ ላይ አንድ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ጠመንጃውን ታቅፎ ቆመ። ሰው ሳይመሽ ወደየቤቱ መግባት ስላለበት ከምሳ በኋላ ወዲያው ተጀመረ።

እኔ መሄድ አልፈለግኩም ነበር። አባቴ "ተነሺ፣ ሰው መሀል መቀመጥ ልመጂ" ስላሉኝ ነው የሄድኩት። እሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ተቀመጡ። እኔ ሴቶቹ መሀል ገብቼ ከአንዲት ጎረቤታችን፣ እማማ ከምላቸው ባልቴት አጠገብ ተሸጎጥኩ።

መጋረጃው ሲገለጥ አባት፣ እናትና ልጆች የመስቀል ማዕድ ከበው ተቀምጠዋል። አባትየውን የሚጫወተው የሰፈራችን ሸማኔ ነበር፤ በጥጥ ጢም ሠርተውለታል። እናትየው ሻሽ ያሰረ ወንድ ነው። እግሩን ከፍቶ ሲቀመጥ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

"እመቤቲቱ፣ እስቲ ጉልበትሽን ግጠሚ" አለችው አንዷ።

ጣባው ላይ ያለው ክትፎ ግን የእውነት ነበር፤ የቅቤው ሽታ እኛ ድረስ ይመጣል።

ሸማኔው ሊመርቅ እጁን እንደዘረጋ ልጁ ገባ። አባቱን ሳያስፈቅድ ሚስት ያገባ ልጅ ነው። ሸማኔው አየውና እጁን አጠፈ። "አንተ ካለህ አልመርቅም" አለ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። መምህሩ የእኛን ቤት ወሬ ሰምቶ ያስገባው ይሁን፣ ወይም በየቤቱ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ በመስቀል?" አሉ እማማ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

"ልጅቷስ የማን ልጅ ናት? ምን ጎደላት?" አለች ከኋላችን ያለች ሴት።

"የማን ልጅ ትሁን፣ ተጋብተው የለ እንዴ" አለቻት ሌላዋ።

"ክትፎው ሊበላሽ ነው፣ ታረቁና ብሉ" አለ አንድ ወንድ። ሰው ሳቀ።

ልጁ ተንበርክኮ ለመነ። ሸማኔው ፊቱን አዞረ። እንደ መምህሩ ጽሑፍ ከሆነ አሁን ልጁ ወጥቶ ይሄዳል፣ መጋረጃውም ይዘጋል። ነገር ግን ልጁ ለመውጣት ሲነሣ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎችም ተነሡ። መስቀል በደረሰበት ሰሞን ቤተሰብ ዓይናቸው እያየ ሲበተን ቁጭ ብለው ማየት አልቻሉም። አንዱ ለዕርቅ ልመና ከግቢው ለምለም ሳር ነጭተው ያዙ። ሳንቃው እየተንቋቋ መድረኩ ላይ ወጡ። ከፊት ያሉት አባቴ ነበሩ።

"ቆይ ልጄ፣ አትውጣ" ብለው የተጫዋቹን ክንድ ያዙ። ወደ ሸማኔውም ዞረው "አንተም ተቀመጥ" አሉት።

ሸማኔው ጢሙን በአንድ እጁ ደግፎ "ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው" አላቸው።

"ጨዋታም ቢሆን እንዲህ ሆኖ አያልቅም።"

"መምህሩ እንዲህ ብለህ ጨርስ ነው ያለኝ።"

"መምህሩን እኔ አነጋግረዋለሁ።"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ አንገቱን ብቅ አደረገና መልሶ ሰበሰበ።

ሳቁ ሲበርድ አባቴ መናገር ጀመሩ። እኔ ቤት ውስጥ በዓመት ያልሰማሁትን ያህል ተናገሩ። "ልጅ ያጠፋል። አባት ይቆጣል፤ ቁጣው ሲያልፍ ደግሞ ይመርቃል። ይህ ማዕድ ያንተ ብቻ አይደለም። ልጅህ በር ላይ ቆሞ አንተ ብትጎርስ ይወርድልሃል?"

ሴቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጉ ጀመር። በዚህ መሀል ከአጥሩ በኩል አንድ ሰው "የራሳቸውንስ ቤት ማን ያስታርቅልን?" አለ።

ማንም አልሳቀም። ሰዉ ዞሮ ያየው ግን ተናጋሪውን ሳይሆን እኔን ነው። መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። የአባቴ እጅ ሸማኔው ትከሻ ላይ ነበር። እንዳልሰማ ሰው ልመናቸውን ቀጠሉ።

በመጨረሻ ሸማኔው እጁን ዘርግቶ መረቀ፤ ልጁንም አጎረሰው። ግቢው በእልልታ ተሞላ። "እናትየዋ" ሴትነቷን ረስታ በወፍራም ድምፅ "ተመስገን" አለች። እማማ እያለቀሱ ይስቁ ነበር። እጄን ጨብጠው "አየሽ፣ አየሽ" አሉኝ። ምን እንዳይ እንደፈለጉ አልጠየቅኳቸውም።

ሰው መውጣት ሲጀምር ወንድሜን አየሁት። ዘይት የነካው ካኪ ለብሶ አጥሩ ጥግ ቆሟል። ወደ እኔ መጣ።

"እታለም፣ ሰማሻቸው?"

"ሰማሁ።"

"ከራሳቸው አፍ ነው የወጣው። አይተውኝ ይሆን እንዴ? ለእኔ ብለው ይሆን?"

"አላውቅም።"

"ጠይቂልኝ። ነገ ጠዋት ካሚዮናችን ወደ ጅማ ይነሣል። ለመስቀል ና ካሉኝ ከጉዞው እቀራለሁ። እምቢ ካሉ ግን እዚያው ሥራ አለ፣ አልመለስም።"

እሺ አልኩት። ያን ያህል ከባድ ነገር ይዤ ወደ ቤት ሄጄ አላውቅም። በመንገድ ላይ ሰዉ አባቴን ትከሻቸውን እየሳመ "ደግ አደረጉ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም ፈገግ ይላሉ። ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቼ ስለነበር እኔም ተስፋ አደረግኩ።

እራት በልተው እጃቸውን ሳስታጥባቸው "አባባ፣ ወንድሜ ለመስቀል ልምጣ ወይ ይላል" አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

እጃቸው ውሃው ሥር እንደተዘረጋ ቀረ። ማንቆርቆሪያው እስኪያልቅ አፈሰስኩ።

"እዚያ መድረኩ ላይ በነበረው ማዕድ እኮ የጎደለ ልጅ አልነበረም" አሉ ቀስ ብለው። "ሁሉም ነበሩ።"

ከጦርነት ያልተመለሰውን ታላቁን ወንድሜን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ሌላ ይጨምሩ እንደሆነ ቆሜ ጠበቅኩ። ይምጣ አላሉም፣ አይምጣም አላሉም። እጃቸውን አደራርቀው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ጠዋት አዲሱ መንገድ ላይ ካሚዮኖቹ ወደሚቆሙበት ሄድኩ። ወንድሜ የጭነቱን ገመድ እያጠበቀ ነበር። ነገር ማለሳለስ ስለማላውቅ የአባቴን ቃል እንዳለ ነገርኩት። የታሰረውን ገመድ ፈታው፣ መልሶ አሰረው። ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ።

በመስቀል ዕለት እኔና አባቴ ሁለት ሆነን ተቀመጥን። እጃቸውን ዘርግተው ለእኔ ብቻ መረቁ፤ በላን። ወንድሜ ምን እንዳለ አልጠየቁኝም። ያን ወደ ጅማ የተነሣበት ጠዋት ካሚዮኑ መንቀሳቀስ ሲጀምር ጭነቱ ላይ ወጥቶ ነበር። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣

"እኔስ?" አለኝ። "እኔስ ከማዕዱ አልጎደልኩም?"