የአባቴ እግር በሰሚራ ሥዕል

ባለፈው ሳምንት ልጄ «አያቴ ምን ይመስሉ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ አንድ ፎቶ እንኳ ሳይነሳ ነው የሞተው። ዝናቡ ጋብ ሲል ባጃጅ ይዘን ቦንጋ ውስጥ ወደ ተማርኩበት ትምህርት ቤት ወሰድኳት። መንገዱን ሙሉ ያ የድሮ ቅናቴ አብሮኝ ተጓዘ።

ነገሩ የሆነው ልጅ ሳለሁ፣ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ነው። ክፍላችን ውስጥ በሥዕል የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ሰሚራ እስክትመጣ ድረስ። አባቷ ከወሎ የመጡ ባለሱቅ ናቸው። ማር ሊገዙ እኛ መንደር ሲወጡ እሷም ትከተላቸዋለች። አባቴ ቀፎ ሊያወርድ በሐረግ ተንጠልጥሎ ቀረሮ የሚባለው ረጅም ዛፋችን ላይ ሲወጣ እሷ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብላ ሽቅብ ታያለች። እኔ የማር እንጀራዬን እመጥጣለሁ።

አንድ ቀን የሥዕል መምህራችን «ሰውና ተፈጥሮ»ን ሳሉ አሉን፤ ወላጆችም እንዲያዩ ተጠሩ። አባቴ ሥዕሌን አይቶልኝ አያውቅም። እንዲያደንቀኝ የፈለግሁት እሱ ብቻ ነበር። ከጂኦግራፊ መጽሐፍ እያየሁ ፏፏቴና የሜዳ አህያ ሳልኩ። ጥርት ያለ ሥራ ነበር፤ ዛሬም እላለሁ።

አባቴ ኮቱን ለብሶ መጣ። ሥዕሌ ፊት ቆሞ፣ «ልጄ፣ ይቺ ዥጉርጉር አህያ የማን ናት?» አለኝ።

ከዚያ ወደ ሰሚራ ሥዕል አለፈና እዚያው ቀረ። ከአፈርና ከቡና ገለፈት በሠራችው ቀለም ቀረሮውን ከሥር ወደ ላይ ስላዋለች። ዛፉ ላይ ሰው አለ፤ ግንዱ የት አልቆ እግሩ የት እንደሚጀምር ግን አይለይም። የተሰነጣጠቀ ተረከዙ ብቻ ጎልቶ ይታያል።

«እግሬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። አጠገቡ ወደ ቆመችው ሰሚራ ዞሮ፣ «አንቺ ነሽ የሳልሽው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው እዚያ ዛፍ ላይ አንድ ቀፎ ላንቺ እሰቅላለሁ።»

በእኛ ዘንድ የአንድ ቤተሰብ ዛፍ ላይ ባዕድ ቀፎ አይሰቀልም። እኔ ልጁ እንኳ «ዛፍ መውጣት ስትችል ይሰቀልልሃል» ነበር የተባልኩት። ቀናሁባት። ወደ ቤት ስንመለስ ጭቃውን እየረገጥኩ ከኋላው ተከተልኩት።

«አህያዋም ቆንጆ ናት» አለኝ ዞር ብሎ። ይሄ ደግሞ ይብስ አቃጠለኝ።

ሥዕሉ ዛሬም የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ አለ። ቀረሮውን ነፋስ ከጣለው ቆይቷል። ልጄ ተጠግታ ተረከዙን በጣቷ ነካችና፣ «ያንተን ይመስላል» አለች።

ሰሚራ የት እንዳለች አላውቅም። ባገኛት አመሰግናታለሁ፤ ቅናቴ ግን አልወጣልኝም። ያንን እግር ስንት ዓመት ከኋላ ከኋላው ተከተልኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ልሳለው አላልኩም።