በሐምሌ ነፋስ የተከፈተ ሞተር

ሐምሌ ሲገባ በወደብ ከተማዋ በርበራ የሚቀረው ሰው ወይ ድሃ ነው ወይ ግትር። አዋሌ ሁለቱንም ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ መኪናው ታመመችበት።

በሌላው ዓመት እንዲህ ተቀምጦ አይቀርም ነበር። ሙቀቱ ሲያይል፣ ያ የተረገመ ነፋስ አሸዋውን ተሸክሞ ከተማው ላይ ሲለቀቅ፣ ባለሱቁም ቃዲውም አዲስ ሙሽራውም ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሼክ ተራራ ይሸሻል። አዋሌ በአሮጌ ሚኒባሱ እነሱን እያመላለሰ የዓመት ቀለቡን የሚሸፍነው በዚሁ ሽሽት ነው። በመጨረሻም ሚስቱን ኡባህንና ልጆቹን ጭኖ እሱም ይወጣል። ሚኒባሷ የተገዛችው በኡባህ የጋብቻ ወርቅ ነው። ሌላ የሚሸጥ ነገር በቤታቸው የለም።

ዘንድሮ ገና ሥራው ሳይሟሟቅ ሞተሩ ነጭ ጭስ መትፋት ጀመረ። ዘይቱን ቢያየው ውኃ ገብቶበት ወተት መስሏል። ከሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታ ከሚሉት፣ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ጭንቁ ማን ይጠግነው ነው፤ ከተማው ውስጥ አንድ ደህና መካኒክ የለማ! ሁሉም ጋራዡን ቆልፎ ተራራው ላይ ወጥቷል።

ለሁልጊዜ መካኒኩ ለሮብሌ ደወለ።

"እንዳትነካው!" አለው ሮብሌ። "በዚህ ነፋስ ሞተር አይከፈትም። ቁንጣሪ አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ከገባች ቀበርከው በለው። ይቁም፤ ነፋሱ አልፎ ስመለስ እኔው እሠራልሃለሁ።"

"አንተ ስትመለስ እኮ ሰዉም አብሮህ ነው የሚመለሰው። ያኔ ማንን ላመላልስ? እስከዚያስ ልጆቼ ምን ይብሉ?"

"እሱን አላህ ያውቃል። እኔ የማውቀው ሞተር ነው።"

ኡባህ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። "ለወንድሞችህ ንገራቸው" አለችው። "አዋጥተው ሚኒባሷን በጭነት መኪና አስጎትተው ሼክ፣ ሮብሌ ዘንድ ያድርሱልህ። ዘመድ ለመቼ ነው?"

አዋሌ ግን አምና ለአጎቱ ልጅ መዋጮ ሲጠየቅ፣ "እኔ ሰነፍ አልጦርም!" ብሎ ሽማግሌዎቹን ከደጁ መልሷል። አሁን በየትኛው ዓይኑ ይያቸው? አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ባዋጡለት ነበር። ወላሂ ያዋጡለት ነበር! ያችን አንዲት ቃል ነው ያጣው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ጥቂት ጋብ ይላል። ያኔ ከሽሽት የቀሩት ወንዶች ሁሉ ጉሬ ቤት ጫት ላይ ይሰበሰባሉ። አዋሌ ጭንቀቱን ይዞ ሄደ።

"ቴስታታ ምንድን ነው? የድስት ክዳን በለው!" አለ ጉሬ ጉንጩን ወጥሮ። ጉሬ ዓሣ ነጋዴ ነው፤ በዕድሜው የብስክሌት ጎማ እንኳ ነፍቶ አያውቅም።

"ይህን ሁሉ ዘመን የነዳኸውን ሞተር መፍታት ካቃተህማ ቀሚስ ልበስ!" አለ ሌላው።

"ነፋሱስ?"

"አቦ ነፋሱ እስኪነሳ ጨርሰህ ትነዳታለህ! እኛ ሸራ ይዘን እንከብሃለን።"

ምርቃና ሲመጣ መሐንዲስ ያልሆነ የለም። በዚያች ሰዓት እዚያ ቤት አይሮፕላን ቢወድቅ ጠግነው ያበሩት ነበር። አዋሌም መረቀነ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ይሄኔ ነው። ብድግ አለና ቤቱ ሄዶ መፍቻዎቹን አወጣ፤ እነሱም እየተሳሳቁ ሸራቸውን ይዘው ተከተሉት።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ቀንቶት ነበር። ቡሎኖቹ አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻው ግን የባሕሩ ጨው አዝጎት እምቢ አለ። ታገለው፣ ደበደበው፣ ሰደበው። ጊዜው እየነጎደ ምርቃናው ወረደ፤ ከምርቃናው ጋር ሰዉም ተንጠባጠበ። አንዱ ራሴን አመመኝ አለ። ጉሬ፣ "መግሪብ ሰግጄ መጣሁ" ብሎ የሸራውን ጫፍ ለቀቀ፤ ወጥቶ ቀረ።

ቡሎኑ ሲወጣና ክዳኑ ሲነሳ አዋሌ ብቻውን ነበር። ነፋሱም ያኔ ተነሳ። ሸራውን ነጥቆ ወሰደበት። አዋሌ ሽርጡን ፈትቶ ሞተሩን ሸፈነና በውስጥ ሱሪው ብቻ በደረቱ ተደፋበት። ኡባህ ብርድ ልብስ ይዛ እየሮጠች መጣች። ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይዘው ቢያለብሱትም አሸዋው በጥርሳቸው መሃል እንኳ ይንቀጫቀጭ ነበር። ኡባህ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ነፋሱ ጋብ ሲል እያንዳንዱን ሲሊንደር በናፍጣ አጠበ፤ በጨርቅ ወለወለ፤ እንደገና አጠበ። ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠውን አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብቶ ዘይት ቀየረና ክዳኑን ገጠመ። ቢስሚላህ ብሎ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ!

ነጭ ጭስ የለም። ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ እየጮሁ ከቤት ወጡ። ጠቅልለው ያስቀመጡትን ምንጣፍና ጀሪካን እየጎተቱ ኋላ ወንበር ላይ ተደረደሩ። ኡባህም ከፊት ገብታ ተቀመጠች።

ሁለቱም ሰሙት። ከሞተሩ ውስጥ፣ ከሥር፣ የሚፍቅ ድምፅ አለ። አሸዋው እየፈጨው ነው።

"አጥፋው" አለች ኡባህ ቀስ ብላ።

"ባጠፋው ዳግመኛ አይነሳም።"

ፍቅታው በረታ። ሞተሩ ተንገጫገጨና ነክሶ ቀጥ አለ። ቁልፉን ቢያዞረው ቢያዞረው፣ አልነቃነቅ አለ። አዋሌ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ብቻ ያይ ጀመር። ወደ ኋላ ለመዞር ድፍረቱ የለውም።

"አባዬ፣ እንሂድ እንጂ! ማንን ነው የምንጠብቀው?" አለች ትንሿ ልጁ።