ምላጭ ወደ ባንዱ የመጣ ሰሞን

ባለቤቴ አናጺ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በሰርግ ባንድ ውስጥ ሪትም ጊታር ይመታል። ዜማውን ሌላ ሰው ሲጫወት እሱ ከስር ምቱን ይዞ ይሄዳል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው «ጎበዝ» ብሎት አያውቅም፤ እሱም ቅር ብሎት አያውቅም። «ለመሠረት ማን ያጨበጭባል? ሰው የሚያየው ጣራውን ነው» ይላል።

ባለፈው ዓመት የባንዱ አለቃ፣ ከበሮ መቺው፣ ድምፁ ይወፍር ብሎ ሁለተኛ ሪትም ጊታር አመጣ። ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ «ምላጭ» ይሉታል። ልምምዱ እኛ ቤት ነው። ድምፅ ማጉያው አልጋዬ ላይ ይወጣል፣ እኔ ከነልብስ ማጠቢያዬ ጓሮ እወጣለሁ።

ሁለቱም ያንኑ ኮርድ፣ ያንኑ የክር አያያዝ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ምት ይመታሉ። አንዱ ድምፁን ሲጨምር ሌላው እልህ ይዞት ይጨምራል። ዘፋኟ ከወንዝ ማዶ ሰው የምትጠራ ይመስል ትጮሃለች።

«እናንተ ሰዎች» አለ አለቃው፣ «በአንድ ጫማ ሁለት እግር ሆናችሁብኝ እኮ! የቅዳሜውን ሰርግ ተጫወቱና አንዳችሁን አሰናብታለሁ።»

ባለቤቴ ያን ሳምንት እራት አስጠላው። እኔ ምን እላለሁ? ስንቱ መጥቶ ስንቱ ሄዷል፣ ይሄም ያልፋል ብዬ ተኛሁ። ግን ጊታሩን ከተወ፣ ለእኔ የሚተርፈኝ መጋዙና ሳሉ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሐሙስ ዕለት ይባስ ብሎ የግራ እጁን ሌባ ጣት በመዶሻ መታው። ጣቱ ድንች አከለ። ስድስቱንም ክር ባንዴ የሚጫነው ደግሞ ይሄው ጣት ነው።

«ይቅርብህ፣ አትሂድ» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ወንበሬን አቧራውን ጠርጌ ለምላጭ ላስረክበው?»

ቅዳሜ ከሰዓት ጣቱን በጨርቅ አስሬለት አብሬው ሄድኩ። በቀሩት ጣቶቹ ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ፣ ወደ ጊታሩ ሆድ ጠጋ ብሎ፣ ጭክ ጭክ ያደርግ ጀመር። ሲያመው ደግሞ ያቆማል። ባቆመ ቁጥር የምላጭ ወፍራም ምት ጎልቶ ይሰማል፤ ትንሽ ቆይቶ ምላጭም ነቃና ባለቤቴ ሲመታ ዝም ይልለት ጀመር። ዘፋኟ ሳትጮህ ዘፈነች። ጉልበቴን እያሉ የተቀመጡ የሙሽራዋ አክስት ብድግ ብለው ጨፈሩ።

በእረፍቱ ምላጭ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን አድርገው ነው?»

«እኔ ምን አደረግሁ፣ ጣቴ ነው።»

«እንግዲያው ጣትዎ እንዳይድን እንጸልያለና!»

«ምላስህ ይበጥ!» አለና ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት በሳምንቱ ነው።

ሰርጉ ሲያልቅ ባለቤቴ አላስችል ብሎት አለቃውን «እህ፣ ማንን ነው የምታሰናብተው?» አለው።

«ማንን ላሰናብት? አንዱን ባወጣው ሌላው ጎደሎ ሊሆን» አለ አለቃው። «በሉ ገመዱን ጠቅልሉ። ማክሰኞ እንዳታረፍዱ፣ ሁለታችሁም።»

ጣቱ ከዳነ ቆየ፤ ባለቤቴ ግን ከሦስቱ ክሮች ንቅንቅ አላለም። ጠባቸውም አልቀረም። አሁን የሚጣሉት አንዱ ለሌላው ቦታ እለቃለሁ ሲል፣ ሁለቱም ዝም ብለው ዘፋኟን ብቻዋን ሲተዋት ነው።