ለእናቴ የሰፋሁት ደብተር

ሰሞኑን የልጄ ልጅ ሺራ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ሳይረን ሲጮህ ቤተሰብ ምን ምን አዘጋጅቶ መቆየት እንዳለበት የሚናገር ወረቀት ነው። ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ የታሸገ ምግብ፣ መድኃኒት ይላል። እሷም ያረጀ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ማማዱ ውስጥ፣ ማለት ግድግዳው ወፍራም በሆነው መጠለያ ክፍላችን ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ከፍታ አንድ በአንድ ትከታለች። እኔ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ።

«ሳባ፣ ሌላ ምን ይግባ?» አለችኝ። ሳባ የምትለኝ አያቴ ለማለት ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኋት።

ውሸቴን ነው። አውቃለሁ። በወጣትነቴ እንዲህ ያለውን ነገር ደብተር ሙሉ ጽፌው ነበር።

የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሊያስተምሩ መንደራችን ከመጡ ልጆች ነው፤ እሱንም ከብቱ ከገባ በኋላ እያንቀላፋሁ። አጻጻፌን የሚነቅፍ ይንቀፍ፣ እኔ የማውቀውን ነው የምጽፍ።

ጊዜው በዚህ አገር አቆጣጠር ሰማንያ አምስት ነው። ከጎንደር ሱዳን በእግሬ ወርጄ፣ ከዚያ ወደዚህ መጥቼ፣ ፔታሕ ቲክቫ ላይ የመጀመሪያውን ክረምት አሳልፌአለሁ። የዚህ አገር ዝናብ ከብርድ ጋር መምጣቱን ያወቅሁት ያኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ዕብራይስጥ እማራለሁ፤ ከሰዓት ኪርያት አርዬ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። ስመለስ ሻአሪያ አጠገብ ወደነበረው ቤቴ የምሄደው በብርቱካን እርሻ ጥግ ነው። አበባው ሲፈነዳ ሽታው ራስ ያዞራል። ዛሬ እርሻው የለም፣ ፎቅ ሆኗል።

እናቴና እኔ አብረን አልወጣንም። ጉልበቷን ያማት ነበር። «አንተ ቅደም፤ መከሩ ሲገባ ከሰዎቹ ጋር እከተልሃለሁ» ብላ ሸኘችኝ። እኔ መንገዱን አየሁት። እሷ አላየችውም። ይህ ነገር ልቤን አላሳርፈው አለ። የት ውሃ እንዳለ፣ የት ሽፍታ እንዳለ፣ እግር ሲቆስል ምን እንደሚደረግ የሚነግራት ማን ነው? ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልጽፍላት ቆረጥሁ። እሷ ማንበብ ባትችል አብሯት ከሚወጣ ሰው አንድ አንባቢ አይጠፋም።

በፖስታ አይላክም፤ ከተከፈተ ያሳስራታል። ግን ወደ ሱዳን የሚመላለስ ሰው አለ፣ ቄሳችን አባ ፈንታ ያውቁታል ይባል ነበር። ሄጄ ጠየቅኋቸው። የዝንብ ጭራቸውን ወዘወዙና፣ «አለ። ሲመጣ እነግርሃለሁ። አንተ እስከዚያ ደብተሩን አሳምረው» አሉኝ።

እዚህ ላይ እቅጩን ልናገር። እናቴ ያኔ ሞታለች። ከኔ ኋላ ወጥታ፣ ሱዳን ደርሳ፣ የስደተኞቹ መጠለያ ሰፈር ታማ ሞታ ነበር። አባ ፈንታ ያውቁ ነበር። ከሷ ጋር የነበሩትና ከኔ በኋላ የመጡት ጎረቤቴ እትዬ ትሁን ያውቁ ነበር። የኛ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የማላውቅ፣ ገና አገር ቤት ናት ስባል ያመንሁ እኔ ብቻ ነኝ። መርዶ በኛ ዘንድ መንገድ ላይ አይጣልም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቤት ተዘጋጅቶ፣ ማልዶ ነው የሚነገር። ከዘመድ እዚህ ያለኝ የእናቴ ወንድም ብቻ ነበር፣ እሱም ሳንባውን ታሞ ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል። እሱ እስኪድን ጠበቁ። እኔም እስከዚያው ደብተሬን እሰፋለሁ።

እሰፋለሁ ያልሁት እውነቴን ነው። መጀመሪያ ሰው የነገረኝን እንደመጣ ጻፍሁት፤ ውሃው ከእግሩ፣ እግሩ ከሽፍታው ተደባለቀ። የጨነቀው ሰው ይህን ገልጦ ምን ያገኛል አልሁና ቅጠሎቹን በምላጭ ቆርጬ፣ በየወገኑ ለይቼ፣ በመርፌና በክር መልሼ ሰፋኋቸው። ለየወገኑም ሥዕል አደረግሁለት። ለውሃ ቅል፣ ለእግር ጫማ፣ ለስንቅ አቁማዳ፣ ለበሽታ የተኛ ሰው፣ ለክፉ ሰው ዱላ። ደብተሩ የዕብራይስጥ መማሪያዬ ነበር። ዕብራይስጡ ከአንዱ ሽፋን ይጀምራል፣ አማርኛውን ገልብጬ ከሌላው ሽፋን ጀመርሁት። ሁለቱ መሐል ላይ ሊገናኙ ይመጣሉ።

እትዬ ትሁን ቤት ሰንበት ከወጣ በኋላ እሄድ ነበር። ሥዕሌን አይተው ሳቁ።

«ይህ ምንድን ነው፣ ዓሣ?»

«ጫማ ነው።»

«እንዲህ ያለ ጫማ ያደረገ ሰውማ ከመንደሩም አይወጣ። ይልቅ ጻፍ፤ አህያ ልትጮህ ስትል ጭራዋን ታነሣለች። ጭራዋ ላይ ድንጋይ እሰሩ በል።»

«እናቴ አህያ የላትም እኮ፣ እትዬ።»

«የሰው አህያስ አትጮህም?»

ጻፍሁት። ድርቆሽ ከዳቦ ይልቅ ይቆያል፣ እሱንም ጻፍሁት። ቀን ተኙ፣ ጭስ አታሳዩ። ጫማ እርጥብ ሆኖ አይወለቅም፣ ያበጠ እግር ተመልሶ አይገባበትም። ሁሉም እውነት ነው። አንድም የውሸት ምክር አልሰጡኝም፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

ያስቸገረኝ የውሃው ወገን ነው። እናቴ ከባዕድ እጅ አትጠጣም። የጥንት ወጋችን ነው፤ ከሌላ ሃይማኖት ሰው ዕቃ አይበላም፣ አይጠጣም። መጠለያው ውስጥ ግን ውሃውም ዱቄቱም ከባዕድ እጅ ነው። አንነካም ብለው እዚያው ሞተው የቀሩ ሽማግሌዎች በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ ደግሞ ግትር ናት። የኔን ግትርነት ከማን ያመጣሁት ይመስላችኋል?

አባ ፈንታ ዘንድ ሄድሁ። «አባ፣ እርስዎ ይፍቀዱላት። ቃልዎን ልጻፈው። የኔን ቃል ትንቃለች፣ የእርስዎን አትጥስም።»

በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤት የሰጣቸውን ብርቱካን በቢላ እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ጻፍ» አሉ፣ እናቴን በስሟ ጠርተው። «እናኑ ሆይ፣ ጠጪ። ከማንም እጅ ይሁን፣ ጠጪ። እግዚአብሔር አይቆጣሽም። ጻፍኸው?»

«ጽፌአለሁ።»

«አንብብልኝ።»

ፊደል በፊደል እየረገጥሁ አነበብሁት። አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ዓይኔን ያመኛል» አሉ።

«የዚህ አገር ፀሐይ ነው፣ አባ» አልኋቸው።

የበሽታውን ወገን ያስጻፉኝ እትዬ ትሁን ናቸው። ያን ቀን አልቀለዱም። «ለታመመ ሰው ውሃ በአንዴ አይሰጥም፣ ይመልሰዋል። በማንኪያ፣ ጥቂት ጥቂት። ጨውና ስኳር ካለ ጣል ያድርጉበት። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ያውሩት።»

«ያውሩት ማለት?»

«አጠገቡ ተቀምጠው ስለ ልጆቹ ያውሩት። ዝም ብሎ አይተኛ።»

«ይህም መድኃኒት ነው?»

«አንተ ጻፍ ብቻ» አሉኝ።

የብርቱካኑ አበባ ረግፎ ሙቀቱ ሲጀምር አንድ ማለዳ እትዬ ትሁን በሬን አንኳኩ። «ናማ፣ ቤት አንድ ዕቃ አንሣልኝ» አሉ። ተከተልኋቸው። ደረጃው ላይ የንፍሮ ሽታ አለ። የባቄላና የስንዴ ንፍሮ በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚቀቀል ማንም የኛ ሰው ያውቃል። እኔ ግን ልቤ ደብተሩ ላይ ነበርና አላሰብሁትም። ገባሁ። ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አባ ፈንታ አሉ። አጎቴ አለ፤ ከስቶ፣ ጋቢው ውስጥ ጠፍቶ።

ለካ ያ የሚመላለሰው ሰው መጥቶ ነው ብዬ ደስ አለኝ። «መጣ እንዴ? ደብተሩን ላምጣ?» አልሁ።

አጎቴ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። «አይ ልጄ» አለ። «እናትህ አርፋለች።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አላስታውስም። ሴቶቹ ሲጮሁ ከላይ ፎቅ ያሉት የየመን ሴትዮ በቤት ጫማቸው ወርደው መጡ፤ ሊቆጡን የመጡ መስሎን ነበር። ወለሉ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው በራሳቸው ቋንቋ አብረው አለቀሱ። ያን አስታውሳለሁ።

ለቅሶው ላይ እትዬ ትሁንን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። «ውሃውን ጠጣች?»

«ጠጣች።»

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ጠጣች አልሁህ። ውሃው የነሱ ነው፣ እጁ የኔ ነው። በማንኪያ። ስለ አንተ እያወራኋት።»

ሰዎቹን አልተቀየምሁም። ብቻዬን ሰምቼ ብቻዬን እንዳልወድቅ ነው የጠበቁኝ። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «እናትህ ስትመጣ» እያሉ ያስጻፉኝ እነሱው ናቸው። አዝኖልኝ እንዲህ አድርጎ መደበቅ የሚችል ሰው፣ ጠጣች ሲለኝ እንዴት ልወቅ? እትዬ ትሁን ካረፉ ቆዩ። ደግሜ አልጠየቅኋቸውም።

ደብተሩን ላቃጥለው ስል አባ ፈንታ ተቀበሉኝ። «የሚመላለሰው ሰው አለ ያልሁህ ውሸት አይደለም» አሉ። «መንገድ ላይ የሌላም ሰው እናት አለች።» በምላጭ ለሁለት ከፈልሁት። አማርኛውን ሰጠኋቸው፣ የት እንደደረሰ አላውቅም። የዕብራይስጡ ግማሽ እስከ አሁን አለኝ። ይህ ቤት ነው ይላል። ይህ ወንበር ነው። ይህች እናት ናት። በዚያ ዓመት በእጄ የተጻፈ ሌላ ነገር የለኝም።

ሺራ ወረቀቱን ጨርሳ ቦርሳውን ልትዘጋ ስትል ወደ ኩሽና ሄድሁና ማንኪያ አመጣሁላት።

«ማንኪያ ላማ? ለምን?» አለች። «ወረቀቱ ላይ የለም እኮ።»

«ወረቀቱ አያውቅም። ለታመመ ሰው ውሃ በአንዴ አይሰጥም። በማንኪያ ነው። እየሰጠሽውም ታወሪዋለሽ።»

«ምን አወራዋለሁ?»

«ስለ ልጆቹ።»

ትንሽ አየችኝ። ልትስቅ ነበር፣ ተወችው። «በሰደር፣ እሺ፣ ሳባ» አለችና ከባትሪው ጎን ሻጠችው።

እኔ እስከ ዛሬ አልቆረጥሁም። አንዳንድ ቀን ጠጥታለች እላለሁ። ግትርነቷ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አልጠጣችም እላለሁ። ሺራ ዚፑን ስትዘጋ ግን፣ ጠጥታለች አልሁ።