ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ

ነገሩ የደረሰው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው በግምገማ በሚንቀጠቀጥበት ዘመን ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ዛሬም ሳስታውሰው መጀመሪያ ደሜ ይፈላል፤ ቀጥሎ ደስ ይለኛል።

ምርቃት ሲቃረብ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ውጤት ከሰርቨሩ ጠፋ። ሬጅስትራሩ አቶ ይበልጣል ሲስተሙ ከመዘገበው ውስጥ አንዲት መስመር አትሞ ለዲኑ ወሰደ። መስመሯ ውጤቱ በእኔ ስም 09:12 ላይ መሰረዙን ትናገራለች።

ውጤቱ በተሰረዘበት ቀን የዲኑ አማት ሞተው ቡሬ ለቅሶ ሄደን ነበር። እኛ በማለዳ ስንሄድ አቶ ይበልጣል "ሥራ ጨርሼ እደርሳለሁ" ብሎ ቀረና እኩለ ቀን ላይ መጣ። እኔ ከቀብር በኋላ ቀድሜ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሰውዬው የእኔን ቦታ ለዘመዱ ይፈልገው ስለነበር ከሥራ እንድባረር ወጥሮ ያዘ። ባለቤቱ ሳትቀር ገበያ ላይ ፊቷን አዞረችብኝ።

ግምገማው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ሰርቨሩ ፊት ተቀመጥኩ። ግሬፕ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ቃል ሲሰጡት ከዚያ ሁሉ መዝገብ ውስጥ ቃሉ ያለበትን መስመር ብቻ ነቅሶ ያወጣል። ስሜን ሰጠሁት። ያቺው መስመር ወጣች። አጠገቧ ግን ትእዛዙ የተላከበት ኮምፒውተር አድራሻ አለ፤ የአቶ ይበልጣል ኮምፒውተር ነው። እረፍት ስወጣ በዲኑ ትእዛዝ ለእሱ የሰጠሁትን የይለፍ ቃሌን ይዞ ኖሯል።

ወዲያው ዲኑ ጋ ሄጄ መናገር እችል ነበር። አልሄድኩም። በሰው ፊት ከሶኛል፣ በሰው ፊት ይዋረድ አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። "ግለ ሂስሽን አድርጊ እንጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ ሰብሳቢው።

"መጀመሪያ አቶ ይበልጣል ሰዓቱን ይድገሙልኝ" አልኩ።

"ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት! ስንት ጊዜ ልንገርሽ? እኔ ያን ሰዓት ድንኳን ውስጥ ነበርኩ፤ አንች የት ነበርሽ?"

ቃለ ጉባኤ ያዡ እንዲጽፍለት ለመንኩ። ጻፈ። ከዚያ የሰርቨሩን ገጽ ግድግዳው ላይ አበራሁና አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅሁት። 14:20 አለ። ሁሉም የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው። አቶ ይበልጣል የራሱን ኮምፒውተር በሐበሻ ሰዓት ሞልቶት ስለሚሠራ ሰርቨሩም እንደዚያው የሚቆጥር መስሎት ነበር። ሰርቨሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። 09:12 ማለት ጧት ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነው።

"ጧት ሦስት ሰዓት ላይ እኔ የት ነበርኩ፣ ጋሼ?" ብዬ ወደ ዲኑ ዞርኩ።

ዲኑ "ከባለቤቴ ጎን ተቀምጠሽ ታለቅሽ ነበር" አለ።

የኮምፒውተሩን አድራሻ ያሳየሁት ከዚያ በኋላ ነው። አቶ ይበልጣል ለለቅሶው ሲቻኮል በእኔ ስም ገብቶ ሳያውቅ ነው የሰረዘው። እኔን ግን ያሳደደኝ ሆን ብሎ፣ ቦታዬን ለዘመዱ ፈልጎ ነው። "እንግዲህ ግለ ሂስዎን ያድርጉ" አልኩት፤ ድምፁ እስኪቆራረጥ አደረገ። ከኃላፊነቱም ተነሣ። ውጤቱን ከመጠባበቂያ ቅጂው መለስኩት፤ ተማሪዎቹም ተመረቁ።

በኋላ የንስሐ አባቴን ይዞ ቤቴ መጣ። መስቀል ተሳልሜ ይቅር አልኩት።

አሁን ቡሬ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ግሬፕን የሚለማመዱበትን ፋይል ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በብዙ ሺህ መስመር መካከል ስህተቱን የፈጠረው ተጠቃሚ ስም "ይበልጣል" ነው፤ ሰዓቱም 09:12። በየዓመቱ ይፈልጉታል፣ በየዓመቱም ያገኙታል። ባገኙት ቁጥር "ጎበዝ" እላቸዋለሁ።