አሶሳ ላይ በግራ እጄ

ከፓዌ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝና "ሽማግሌዎቹ ዛሬም ይመጣሉ፤ ምን ልበላቸው?" አለችኝ።

"ሄዳለች በያቸው።"

ባሌ የቀኝ እጄን ጣቶች በገጀራ ቆርጦብኝ፣ ፍርድ ቤት ቆሜ መስክሬበት ታስሯል። ሽማግሌዎቹ ግን የሚለምኑት እኔን ነበር፤ ይቅር በይው፣ የልጅነት ባልሽ ነው እያሉ። ቁስሌ ሳይጠግግ ይቅርታ ከየት ላምጣላቸው?

አሶሳ ሙቀቱ እንደኛው ነው፣ ገበታው ግን ሌላ። ባሚያው እየተሙለጨለጨ አልወርድ ሲለኝ የእናቴ ሽሮ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። ቤት ፍለጋውማ አይወራ! አንዱ አከራይ "ባልሽ የታለ?" አለኝ።

"የለም።"

"ወንድ ለሌላት አላከራይም። ሌባ ይደፍረናል።"

እጄን ዘረጋሁለት። "ጋሼ፣ ይሄ የደረሰብኝ ወንድ ያለበት ቤት ሆኜ ነው። ሌባው ይሻለኛል።"

በሩን ዘጋብኝ።

በመጨረሻ ያስገባችኝ ሐጃ ናት፤ ባሏ የሞተባት የበርታ ሴት። "አንተ ሥራ ምን ታውቃለህ?" አለችኝ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" በሚለው፣ በምወደው አማርኛዋ።

"ልብስ ስፌት።"

እጄን አየች። "በዚህ?"

"በዚህኛው" ብዬ ግራዬን አነሳሁ።

"ጠይብ" አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። የሟች ባሏን የስፌት መኪና አውጥታ ሰጠችኝ።

በግራ እጅ መቀስ መያዝ እንደ ሕፃን ከዳዴ መጀመር ነው። ጨርቅ አበላሸሁ፣ ተሳደብኩ፣ እንደገና ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ቀሚስ አንዱ እጅጌው ረዝሞ ቀረ። ሐጃ ለብሳው ሰፈሩን ዞረች። "ማን ሰፋው?" ሲሏት "ልጄ ነው" ትላለች።

አንድ ቀን አንዲት ከመንጌ ወረዳ የመጣች ልጅ ቀሚስ ላሰፋ ብላ ገባች። ልኳን ስወስድ ክንዷ በዱላ ሰንበር ተሞልቷል። እጄን ትኩር ብላ አይታ "ከዚህ በኋላ ሰው ይኖራል?" አለችኝ።

"እየኖርኩ አይደል? ቁጭ በይ፣ ክር ማስገባት ላሳይሽ።"

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። መርማሪው "አንቺ ምኗ ነሽ?" ሲለኝ "ምስክር የመሆን ልምድ አለኝ" አልኩት። ዛሬ ከጎኔ ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ሌሎችም እሷን እያዩ መጥተዋል።

ትናንት እናቴ ደወለች። "ጥንቅሹ ደርሷል። ናፍቀሽኛል፣ ነይ።"

"እመጣለሁ እማዬ።"

"ብቻ እጅሽን በነጠላ ሸፈን አድርጊው። የሰው ወሬ አያልቅም።"

"ሳልሸፍነው ነው የምመጣው። በገበያው መሀል ነው የማልፈው።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሀሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለችኝ። ነይም፣ ቅሪም አላለችኝ። ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ ቆየን።